ስለ ጠፉት እንቁላሎችና ስለ እማማ ቡዋ መባረር

ለክቡር የክፍለ ሀገሩ የጥገኛ ትሎች መመርመሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ባለቤቴም፣ በሜኮንግ ወንዝ ዳር ያለችው መንደራችን ናሂንም ጤናዎ እንዲበዛ፣ ደምዎም ሙሉ እንዲሆን እንመኛለን። ደም ብዬ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ፤ እኛ ዘንድ ዘንድሮ የሚወራው እሱ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። በመንደራችን መግቢያ «ከመንጠቆ ትል ነጻ መንደር» የሚል ሰሌዳ አቁመውልናል። ሬሳ የምናቃጥል ብንሆንም በምጥ የሞተች ሴት እኛ ዘንድ አትቃጠልምና፣ ልጄን ዳኦቮንን ልንቀብር ስንወጣ በሰሌዳው ሥር አልፈናል። ጽሑፉ ከሩቅ ይነበባል። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፤ ባለሙያዎችዎ ሰገራችንን ተቀብለው፣ በገዳሙ አዳራሽ በወንፊት አጥልለው፣ መስታወት ላይ ዘርግተው፣ በግሊሰሪን የተነከረ ስስ ላስቲክ አልብሰው ሲጨርሱ ምሳ ደረሰ። እኛም ዳክዬ አርደን ጠበቅናቸው። እንግዳ ደግሞ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ የነፍስ ክር በእጁ ላይ ሳያስሩለትና የሩዝ አረቄ ሳያቀምሱት አይነሣም። ነፍሳቸው ከሥጋቸው እንዳትርቅ መርቀን እስክንጨርስ መስታወቶቹ መስኮት ሥር ተደርድረው ነበር። የቡድኑ መሪ «አይዟችሁ፣ መስታወቱ የትም አይሄድ» እያሉ ብርጭቋቸውን እንደገና ዘረጉ። እውነታቸውን ነው፣ የትም አልሄደም። በማግሥቱ ከተማ ተወስዶ ሲታይ ምንም አልተገኘበትም፤ ለእኛ የታሰበው ክኒንም ለሌላ መንደር ተላከ።

ሁለተኛ፤ ነፍሰ ጡሯ ዳኦቮን ከቀን ወደ ቀን እየነጣች ሄደች። ጤና ጣቢያው ውጤታችሁን ተመልክቶ «ሆዷ ንጹሕ ነው» አለን። ሆዷ ንጹሕ ከሆነ ደሟን የሚጠጣው ማን ነው? መልሱን መንደሩ ራሱ አገኘው። ፖፕ የምንለው፣ ሰው ላይ አድሮ የሌላውን ሆድ ዕቃ የሚበላ መንፈስ አለ፤ ያደረውም ሆዷን ሲያሹላት በነበሩት አዋላጃችን በእማማ ቡዋ ላይ ነው ተባለ። «እየዳበሰች በላቻት» አሉ ሴቶቹ። ባለቤቴ እግራቸው ላይ ወድቃ «እማማ፣ እባክዎ ልጄን ይልቀቁልኝ» ስትላቸው፣ አሮጊቷ «የኔ ልጅ፣ እኔ ብሆን ኖሮ ገና ድሮ እለቃት ነበር» አሏት። ዳኦቮን ሞተች፤ ሕፃኑም። የእማማ ቡዋ ቤት ፈረሰ፣ እሳቸውም ምንጣፋቸውን ተሸክመው ፖፕ የተባሉ ሰዎች ወደሚጣሉበት መንደር ሄዱ።

ሦስተኛ፤ በቅርቡ ሆዴን አሞኝ ጎረቤት ወረዳ ሄጄ ነበር። መርማሪዋ «አባት፣ ቶሎ ይምጡ፣ ሳይጠፉ ይዩአቸው» ብላ በማይክሮስኮፑ የገዛ ሆዴን የትል እንቁላሎች አሳየችኝ። መንጠቆ ትል ነው፤ ከእርሻው ጭቃ በእግር ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጠው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ መስታወት ደግሜ እንዳይ ጠራችኝ። አልነበሩም። ግሊሰሪኑ ስስ ቅርፊታቸውን ብርሃን አሳላፊ አድርጎ ከዓይን ይሰውራቸዋል አለችኝ። ይህን የእኛ ክፍለ ሀገር ባለሙያዎች ያውቁት እንደሆነ ስጠይቃት «ምን ነካዎት አባት፣ መመሪያው ላይ እኮ አለ» ብላ ሳቀች።

ክቡርነትዎ፣ እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ መስታወት ይመጣብኛል፤ ባዶ መስሎ፣ ባዶ አለመሆኑን እያወቅሁ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ እፈራለሁ።

አራተኛው ልመና ነው። በዚያው አዳራሽ ተገኝተው፣ አዲስ መስታወት እዚያው ወዲያው አስመርምረው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት «የተሳሳትነው እኛ ነን» ይበሉልን። የእኔን ቃል የሚሰማ የለም፤ ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶበታል ይሉኛል። እማማ ቡዋ የሚመለሱት እርስዎ ሲናገሩ ብቻ ነው።

በላቦራቶሪዎ ምስክርነት ንጹሕ የተባለውን ሆዴን ይዤ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የናሂን ነዋሪ ካምሲንግ

ማስታወሻ፤ እማማ ቡዋ ከሄዱ ወዲህ የጎረቤቴ ምራት መንጣት ጀምራለች። በወረቀትዎ መሠረት የእሷም ሆድ ንጹሕ ስለሆነ መንደሩ ሌላ ፖፕ እየፈለገ ነው። ትናንት ባለቤቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው መንገድ ለቀቁላት። «ሐዘንተኛ ናት ብለው አከበሩኝ» እያለች ደስ ብሏት ተመለሰች።