ለመልስ የተተወው ዝምታ

እታለም ብፅአት፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እዚህ ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ፣ ተማም ነን፤ ደህና ነን።

መምህራን በነፃ እንዲያወርዱት ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጥሽውን በድምፅሽ የተቀዳ ትምህርት የትምህርት ዕቅዴ ውስጥ አስገብቼ ለክፍሌ በስልክ አሰማለሁ። «መምህራችሁ የት ናት?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ እስኪመልሱ ዝም ትያለሽ፤ ከዚያ «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» ትያለሽ። ልጆቹ ሁሌም «ሰሌዳው አጠገብ» ይሉ ነበር።

ትናንት ግን ሰሞኑን ከፋሽጋ የመጣችው እየሩስ ድምፅሽን ለየችውና ቀድማ ብቻዋን መለሰች። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ድምፅሽም «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» አለ።

ያለችውን አልጽፍልሽም። ልጅ ናት፣ ትሳሳታለች። የሰሊጥ ሠራተኞችን ልጆች ልታስተምሪ ፋሽጋ ከሄድሽ ወዲህ ስልክሽ ዝግ ነው፤ ኔትወርኩ ነው ይላሉ።

እግዜር ይጠብቅሽ። ስትችይ «አይ፣ ተሳስታችኋል» ብለሽ በድምፅሽ ቀድተሽ ላኪልኝ።

እህትሽ ያለምወርቅ