ስምሽን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት

ልጄ ዮስር፣ የሊዮን ብርድ ይለፍሽ፣ እንጀራሽን አላህ ያስፋው። እኛ ደህና ነን። ፍየሏ መንታ ወልዳለች፤ አንዷ ቁርጥ አንቺን ናት፣ ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች። ቁርስ ትበያለሽ?

አባትሽ ግን አያትሽ የተከለው ወይራ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ብሎ ሊጥለው ትልቅ መጋዝ ተውሶ መጣ። «ዮስር በስልክ 'የታመመውን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጡ፣ ይድናል' ብላለች» ብዬ ብነግረው፣ «ትናንት አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ ልታስተምረኝ? ምስክር አምጪ!» አለኝ።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እናትሽ ስፋክስ ከተማ ወርጄ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የኮምፒውተሩ መፈለጊያ ላይ «ወይራ» ብዬ ብጽፍ አርባ ሺህ ጽሑፍ ዘረገፈብኝ። ሠራተኛዋ ሳቀችና፣ «እትዬ፣ የበሽታውን ስም ይጨምሩበት። ከዚያ ሌሎች ምሁራን የመረመሩትን ብቻ አውጣ ይበሉት» አለችኝ። ምስክር ማለት ይኸው! ዘጠኝ ቀሩ። ሦስተኛው ላይ ያንቺ ስም። አንቺ ድብቅ፣ እዚያው አስለቀስሽኝ። የዐረብኛውን ማጠቃለያ አተመችልኝ።

«የታመመው ቅርንጫፍ ብቻ ይቆረጥ» የሚለውን ለአባትሽ ሳነብለት ስምሽን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ጢሙን እያሻሸ አዳመጠና፣ «ይህ ሰው ዐዋቂ ነው፤ የወላጆቹን ነፍስ ይማር!» አለ።

«ገና አልሞትንም» ብዬ ጣቴን አነሳሁ።

ወረቀቱን ቀምቶኝ ስምሽን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ መጋዙን ሊመልስ ወጣ፤ ወረቀቱንም ይዞት ሄደ። ባለመጋዙ ማንበብ አይችልም፣ ቢሆንም ያሳየዋል።

የጻፈ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ። ለወይራ ለቀማው ነይልን። አባትሽ አፍ አውጥቶ አይለምንሽም፤ ግን መሰላልሽን ጠግኖታል።

እናትሽ ሱዓድ