በተራ ቁጥር የተጻፈው ውሸቴ

ውድ እታለም ቤዛዊት፣

ነገ አርባሽ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፤ የሰፈሩ ሴቶች ድስት እያጠቡ ነው። እኔ መቃብርሽ አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ። በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ሲገባኝ የዋሸሁሽ ነገር አለ።

ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችሽ ታሪክ የምታስረጂበትን፣ ስልክሽ ላይ ያለውን ኤአይ ስትጠቀሚ፣ ከመልሱ ይልቅ ጥያቄውን ስትጽፊ ነበር የምትደክሚው። እኔ «ስለ ጋፋት ንገረኝ» ብዬ ብጽፍ ሳቅሽብኝ።

«ሰው ቤት ገብተህ ‹አብሉኝ› ብቻ ትላለህ? ለማን እንደሚያስረዳ ንገረው እንጂ! ልጆቹ ደብረ ታቦር እንደሚኖሩ፣ መድፉ የተሠራበትን ጋፋትን በእግራቸው ሄደው እንዳዩት ጻፍለት። ከዚያ መድፉን ያስጎተተው፣ የጎተተውና መንገድ ዳር ቆሞ ያየው በየተራ እንዲያወሩ እዘዘው። መጨረሻ ላይ ‹በዚህ ታሪክ ውስጥ ድምፁ ያልተሰማው ማን ነው?› በለው።»

«ውሸት ቢጽፍስ?»

«ይጽፋል እንጂ! ለዚህ እኮ ነው መጽሐፍ የማገላብጠው። እንዳንተ ገልብጦ ማስረከብ የለም!»

ያን ቅዳሜ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እማዬ እብናት ለቅሶ ሄዳለች። «የቤት ሥራ ልሥራበት» ብዬ ስልክሽን ስወስድ፣ የእጮኛሽን ጥሪ ትጠብቂ ነበርና «ባትሪዬን እንዳትጨርስብኝ፤ ንዋይ ይደውላል» አልሽኝ። እሺ አልኩ። ግን ኤአዩ መድፉን የሚጎትት ወታደር ሆኖ ሲያወራልኝ ደስ አለኝ። ቀጥሎ በሬ ሆኖ እንዲያወራ አዘዝኩት። ከዚያ ራሱን መድፉን ሆኖ። ብቻዬን እየሳቅሁ ሳለ ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ አስምሽ ተነሳ። በአፍሽ የምትስቢው መድኃኒት አልቆ ነበር። «ለንዋይ ደውልለት፤ በባጃጁ ይምጣ» አልሽኝ፣ በየቃሉ እያረፍሽ። የጠፋውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ወደ ደጅ ወጣሁ። ስመለስ «መጣ?» አልሽኝ።

«እየመጣ ነው።»

እታለም፣ አልደወልኩም። ባትሪውን ጨረስኩት ማለት አሳፈረኝ። መንገድ ላይ ሌላ ባጃጅ አገኛለሁ ብዬ ሮጥኩ፤ ዝናብ ነበር፣ አንድም አላለፈም። ንዋይ ወደሚቆምበት ባጃጅ ተራ ብሮጥ ኖሮ እደርስ ነበር። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ሙላቴ መጥተው ተሸክመን ስናወጣሽ፣ አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ክንድሽ ከአንገቴ ላይ ወረደ።

እማዬ ስትመለስ «ንዋይስ? እጮኛዋስ የት ነበር?» ብላ ጮኸች። «ደወልኩለት፤ አላነሳም» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ንዋይ ለቅሶ ሲመጣ እማዬ በሰው ሁሉ ፊት «ልጄ ስትጠራህ ያላነሳህ፣ አሁን ማንን ልታይ መጣህ?» አለችው። ስልኩን አውጥቶ «እማማ ዘነበች፣ ይዩት፣ አልተደወለልኝም» ሲል፣ «ጥሪውን አጥፍተኸው ነው!» አለች። ወደ እኔ ዞረ። ያንቺ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር። አቀረቀርኩ። ለአርባሽም ደጃችን እንዳይደርስ ተላከበት።

ባለፈው ሳምንት ርእሰ መምህሩ አቶ አያሌው ጠሩኝ። ፈተና ደርሷል፤ በአንቺ ቦታ የተተካ መምህር የለም። «የእህትህን ደብተር ይዘህ ና፤ ጥያቄዎቿን ከልጆቹ ጋር ሞክሯቸው» አሉኝ። ስለ ጋፋት የጻፍሽውን ኤአዩ ውስጥ አስገብቼ መልሱን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ከፊት የምትቀመጠው ትዝታ እጇን አወጣች።

«መጨረሻዋን ዘለልካት። ቲቸር ‹ድምፁ ያልተሰማው ማን ነው?› ሳትል ክፍሉን አትለቅም ነበር።»

ከኋላ አንዱ «አዲሱ ቲቸር ሳያጠና ነው የመጣው!» አለና ክፍሉ ሳቀ። ደብተርሽን ይዤ ወጣሁ።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ፣ በአንቺ አጻጻፍ ኤአዩን ስለ ሞትሽ ጠየቅሁት። «ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ መንስኤውን አስረዳ» ብዬ፣ ለሰው የተናገርኩትን እንዳለ ጻፍኩለት። ምናልባት ጥፋቱ የማንም አይደለም እንዲለኝ ፈልጌ ይሆናል። መልሱ ንጹሕ ነበር፣ በተራ ቁጥር የተጻፈ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ማለቁ። ሁለተኛ፣ ዝናቡ። ሦስተኛ፣ እጮኛዋ ስልኩን አለማንሳቱ። ከሥሩ ለተማሪዎች የመወያያ ጥያቄ አስቀምጧል፦ «እጮኛዋ ስልኩን ቢያነሳ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?»

 ውሸቴ ልጆች እንዲማሩት ተዘጋጅቶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። አንዱን ላጠች፣ ሌላውን አነሳች።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ» አለች በመጨረሻ። «ለእሱ ሂድና ንገረው።» ፊቴን አላየችኝም።

ንዋይን ባጃጅ ተራው ላይ ጎማ ሲቀይር አገኘሁት። «ጋሼ፣ እኔ አልደወልኩልህም» ብዬ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጠርታኛለች?»

«አዎ።»

«እየመጣ ነው ስትላት… አመነችህ?»

እስክንሸከምሽ ድረስ በሩን ታዪ እንደነበር ነገርኩት። ጎማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን ቅባት በነካ እጁ ሸፈነ።

«ሂድልኝ» አለ። «ኤርምያስ፣ እባክህ ሂድልኝ።»

ነገ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እማዬ ዳግመኛ ልጄ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ፣ ሰው ሳይበተን ተነስቼ ንዋይ እንዳልተደወለለት እናገራለሁ። ጋሼ ሙላቴ ይሰማሉ፣ አቶ አያሌው ይሰማሉ፣ ተማሪዎችሽም ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ እንዴት እንደምኖር አላሰብኩም።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ምን ብዬ እጠይቅሻለሁ? እውነቱን ግን ከእኔ አፍ ስሚው። እታለም፣ ማንም እየመጣ አልነበረም። ከእንግዲህ በሩን አትዪ።

ወንድምሽ ኤርምያስ