ከተራራው በር ሥር ያሉ ቀይ ወፎች

ሚያዝያ ፫፣ ማለዳ
ለማንም ያልነገርሁትን ላንተ ልንገርህ፣ ወረቀቴ። ወደ ተራራው በር፣ መንገዱ ጫካውን አቋርጦ ወደ ቆላ ወደሚወርድበት፣ የምወጣው ለእንጨት አይደለም። ወፍ ለማየት ነው። እንጨቱን ስመለስ እለቅማለሁ፣ ሰው እንዳይጠይቀኝ።
ዛሬ ጭጋግ። ዋንዛው ላይ ጉሬዛ ብቻ። ዋኖስ ትጮኻለች፣ አትታይም።

ሚያ. ፭
መጡ። ንብ በሎቹ። ደረታቸው ቀይ፣ ራሳቸው ሰማያዊ የነካው። ከበሩ ሥር ያለውን የአፈር ገደል እየማሱ ነው። ባሌ ካረፈበት ዓመት ወዲህ አላየኋቸውም።

ሚያ. ፮
አያ ተሰማም አይተዋቸዋል። የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቀፎዎቻቸው ከገደሉ አጠገብ ዛፍ ላይ ናቸው። ንቤን ሊጨርሱብኝ ነው አሉ። ሰኞ የወፎቹን ጉድጓድ በበርበሬ ጭስ ሊያጥኑ ነው። እንደ ባልሽ ዝም ብዬ አላይም አሉኝ። እንጨቴን አንስቼ ወረድሁ። መደበቅ እችልበታለሁ።
ባሌ ያረፈበት ዓመት ጉድጓዱን ያጠንሁት እኔ ነኝ፣ ለንቡ ብዬ። ባሌ ተያቸው ይለኝ ነበር። ገበያ ሲወርድ ጠብቄ ለኮስሁ። ጫጩት መኖሩን ማወቅ አልፈለግሁም። ተመልሶ ባዶውን ገደል ሲያይ እባብ ነው አልሁት። አምኖኝ ሞተ።

ሚያ. ፱
በሩ ላይ ሐዋን አገኘሁ፤ ከአሶሳ በኩል ጥጥ በአህያ የምታመጣ የበርታ ነጋዴ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። አንጋጥጬ ስታየኝ ሳቀች።
«ሰው ሰማይ ሲያይ ዝናብ ይፈልጋል። አንተ ወፍ ይፈልጋል?»
በእሷ አገር ቁጥቋጦ ሲቃጠል እነዚህ ወፎች ወደ ጭሱ ይበራሉ፣ የሚሸሸውን አንበጣ ይለቅማሉ። ገበሬው ይወዳቸዋል አለችኝ። እኔ በጭስ የተባረሩ አይመለሱም ብዬ ነበር አልኋት።
«ወላሂ፣ ወፍ ቂም የለውም። ጫጩት ብቻ አትንካ።»
አህያዋን ነድታ ስትሄድ ቆሜ ቀረሁ። እንባም ሳቅም መጣብኝ።

ሚያ. ፲፣ ከሰዓት
ገደሉ ፊት ነኝ። አንዷ አንበጣ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ቀጠቀጠችው፣ ዋጠችው። ሌላዋ ንብ። ይህንንም አልዋሽም። የአያ ተሰማ ቀፎ ወደ ወንዙ ማዶ ቢሻገርስ? እኔ እሸከማለሁ።

ሚያ. ፲፩
ነገ ሰኞ ነው። ወደ አያ ተሰማ ደጅ ሄድሁ። ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ወፍ አፌ አልተከፈተም። ተመለስሁ።
ግን ያነባሉ፤ ድቁና ተምረዋል። እኔ ፊደል የለቀምሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነው። ጽሕፈቴ ይነበብላቸው ይሆን? ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ።
ወረቀቴ፣ ይቅር በለኝ። ሳይመሽ ልስጥህ ነው፣ ለአያ ተሰማ።