«ጎበዝ ናት፣ አላለቀሰችም» ላሉኝ የአጥንት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የአጥንት ሕክምና ክፍል ኃላፊ፦

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ አሥሩም ጣቶችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ክንዷ ተሰብሮ ያመጣኋት የሰባት ዓመት ልጅ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ።

አንደኛ፣ ከትምህርት ቤት ደረጃ ወድቃ የቀኝ ክንዷ ሁለቱም አጥንቶች በተሰበሩ ጊዜ ስላቃኑልን አመሰግናለሁ። ራጁ ላይ አጥንቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል፤ ራጁ ላይ የማይታየውን ነርቭ መመርመር ግን ለካ ከክብርዎ በታች ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ለደም ምርመራ ከጄሶው የወጣው ጠቋሚ ጣቷ ሲወጋ ዝም ብትል፣ «ጎበዝ ናት፣ አላለቀሰችም» ብለው በተማሪዎችዎ ፊት አሞገሱልኝ። ልጄ ያላለቀሰችው ስላልተሰማት ነበር። ጣቶቿ እንደደነዘዙ ብነግርዎም፣ እናቶች ነገር እንደምናበዛ በትዕግሥት አስረድተውኛል።

ሦስተኛ፣ ጄሶው ተፈትቶ እርሳስ መያዝ ሲያቅታት እርስዎ «ሰነፍ ናት፣ እጇን አላሠራችም» አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ሌላ ሆስፒታል ያለ ሐኪም አውራ ጣቷንና ጠቋሚ ጣቷን አገናኝታ ቀለበት እንድትሠራ ጠየቃት፤ አልገጠመላትም። ነርቩ እየተጠገነ ባለው አጥንት መሀል ተይዟል፣ ቶሎ ካልተለቀቀ እጇ እንዲሁ ይቀራል አለን። ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው የእርስዎ የሪፈር ፊርማ ብቻ ነው፤ ስህተትዎን ማመን እንዳይሆንብዎ ግን ብዕርዎን ሰስተዋል።

ስለዚህ መርፌና ክሬን ይዤ ከበርዎ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ሰፍሬያለሁ። ልጁ ጄሶ ለታሰረለት እናት ሁሉ አስተምራለሁ፦ አውራ ጣቱን ያንሳ፣ ጣቶቹን ይዘርጋ፣ ቀለበት ይሥራ፣ ሲነካም ይሰማው እንደሆነ ይጠየቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሁን እናቶቹ ካላዩልን አንወጣም እያሉ ምሳዎን እንዳስቀሩብዎ ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ቆሽቴ ካረረ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፊርማዎን እስኪያኖሩ ድረስ ከደጅዎ የማልታጣ፣
ታማኝ አክባሪዎ፣
የልጅቷ እናት

ከላይ ሳልጽፈው የቀረ፦ ትናንት ልጃቸውን ይዘው አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ባለቤትዎ መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በእርስዎ እጅ ጄሶ የታሰረለት ልጅዎም ቀለበቱ አልገጠመለትም። እናቱ በርዎን አልፈው በቀጥታ ወደዚያኛው ሐኪም ወሰዱት፤ በጊዜ ስለደረሱም ጄሶው ብቻ ላልቶለት፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ጣቶቹ ነቅተዋል አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ልረግመው ሞክሬ አቃተኝ። አባቱን መርገሙ ግን አላስቸገረኝም።