ዐሥራ ስድስት በግራ እግር

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የሆስፒታሉ የሌሊት ተራ ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምታነጊው? ጉልበቴን ያመኛል ካልሽኝ ወዲህ በየቀኑ አስብሻለሁ። እኛ ደህና ነን። የአባባ ሳል ለቆታል፤ ሱቁንም ከፍቶ ይውላል። እኔም እማራለሁ፤ ሒሳብ እንዳመሉ ነው፤ አልታረቀኝም። ድመትሽ ሦስት ወለደች። ሁለቱን ለጎረቤት ሰጠን፤ ሦስተኛው አባባ ቁርጥራጭ ቆዳ የሚያጠራቅምበት ካርቶን ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሏል።

ባለፈው «ስለ ቤቱ ጻፍልኝ፣ ስለ እሱ ግን አንድ ቃል እንዳትጽፍልኝ» ብለሽኛል። እሱ ያልሽው አባባን እንደሆነ ገብቶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የዛሬው ደብዳቤ ስለ እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይኸኛውን ሳልጨርስ ከወንበሩ አልነሳም።

የወታደራዊ ሙዚቃ ፌስቲቫሉ ዘንድሮም መጣ። ወንድምጋሼ ካረፈ ገና ስምንት ወሩ ሆኖ ሁሉ ነገር ልክ እንዳምናው መሆኑ አናደደኝ። ያው ባንዲራ፣ ያው የተቀባ የመንገድ ጠርዝ፣ ያው ወንበር የጫነ መኪና። ትምህርት ቤታችን ለእንግዶቹ ማደሪያ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋ። የእኔ ክፍል ቀሚስ ለብሰው ከረጢት በብብታቸው አቅፈው ለሚነፉት ወታደሮች ደረሳቸው። ዴስኬ ላይ የአንዱ ካልሲ ተሰጥቶ አየሁ። ዘበኛችን «ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ግን ከማለዳ ጀምሮ የታነቀ ፍየል የሚያስጮሁት ምን በድለናቸው ነው?» እያለ ያስቃል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄጄ ቆየሁ።

ታውቂያለሽ፣ ከሰልፉ በፊት የባንዳችን ጫማ በሙሉ ሶል ለመቀየር አባባ ጋ ይመጣል። ሁልጊዜ አርባ ሁለት ጥንድ ነው። ዘንድሮ አርባ አንድ መጣ። አባባ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ፤ ከዚያ መዶሻውን አነሳ።

በሁለተኛው ቀን የባንዱ መሪ ሻምበሉ ራሳቸው መጡ። ደንበኛ የሚቀመጥባት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ደንባቸውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በዓመቱ ውስጥ የሞተ ካለ በሰልፉ ላይ ቦታው ባዶ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ ያሉት አይጠጉበትም። ካቻምና ለትሮምቦን ነፊው እንዲያ ሲደረግ አብረን አይተን አልቅሰሻል። ሻምበሉ «ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልችልም» አሉት። «ትሮምቦን ቢጎድል ዜማው ይሳሳል እንጂ ሰው ይራመዳል። የልጅዎ ቦታ ግን የትልቁ ከበሮ ቦታ ነው። እሱ ባዶ ከሆነ አርባ ሰው እርስ በርሱ ይረጋገጣል።» ስለዚህ ከትንንሾቹ ከበሮዎች አንዱን ልጅ አምጥተው ሊተኩት ነው። በምትኩ ሰልፉ በሱቃችን በር ሲያልፍ ለዐሥራ ስድስት እርምጃ ከበሮውም ዜማውም ዝም ይላል፤ የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

አባባ «ዐሥራ ስድስት ይበቃል» አለ።

ከዚያ ሻምበሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ከበሮው መምቻ ጠየቁ። ወንድምጋሼ የመንግሥትን መምቻ አይወድም ነበር፤ የራሱን ነበረው፤ እጀታውን ራሱ ያለዘበው፣ ጫፉን በነጭ ሱፍ የሸፈነው። መኪና የገጨው ቦታ ሲፈለግ አልተገኘም። «ምናልባት ከተገኘ አዲሱ ልጅ በእሱ ቢመታ ለሁላችንም ደስ ይለናል» አሉ። አባባ ከያዘው ሶል ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «እስካሁን አልተገኘም። ከተገኘ ይመጣል» አላቸው። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ጫማ እየቀባሁ ነበር፤ እጄ ቆመ። አባባ «ብሩሹን አታቁመው፤ ቀለሙ ይደርቅብሃል» አለኝ።

እታለም፣ አሁን ከባዱ ጋ ደረስኩ።

ከቀብሩ በማግስቱ ሳሎን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ አባባን «አንተ ነህ የገደልከው» አልሽው። «ከበሮ ስትደበድብ ዕድሜህ አለቀ፣ ውጣልኝ ብለህ ባታባርረው ኖሮ በንዴት ዓይኑ ጠፍቶ መንገድ አይገባም ነበር» አልሽ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

ጠዋት ተጣልተው እንደነበር እውነት ነው። ግን ወንድምጋሼ ልምምድ ቦታ ሲደርስ ንዴቱ በርዶለት አባባን እያስመሰለ ጓደኞቹን ያስቅ እንደነበር እነሱ ራሳቸው ነግረውኛል። እኩለ ቀን ላይ በትምህርት ቤታችን መንገድ የመጣው አቅጣጫ ጠፍቶት አይደለም። እኔ ጋ ነበር የመጣው። መምቻውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ክፍል ውስጥ «የድምድም ጭራ» እያሉ ይጠሩኛል። ድምድም ባንዱ ለወንድምጋሼ ያወጣለት ስም ነው፤ ይህን ታውቂያለሽ። የእሱ መምቻ እቤታችን ነው ስላቸው አላመኑኝም። እሱ ፊቱን ሲታጠብ ከቦርሳው አውጥቼ ከደብተሬ ጋር ከተትኩት። ረፍት ላይ ከላይብረሪው ጀርባ ባለው የውሃ ታንከር ላይ መታሁበት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጌታ ነበርኩ። ሦስተኛው ምት ላይ ሱፉ በብሎን ተያዘና ጣት የሚያህል ተቀደደ።

ከረፍት በኋላ በመስኮት ሳይ ወንድምጋሼ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። አየኝ። በባዶ እጁ አየሩን ሁለት ጊዜ መታ፤ መምቻዬስ ማለቱ ነው። እየሳቀ ነበር፤ እታለም፣ እየሳቀ ነበር። ቢቆጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የተቀደደውን እንዳያይብኝ ብዬ፣ እሱንም እንዳላየሁት ለመምሰል፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ያን ቀን ያደረግሁት ጫማ ማሰሪያ አልነበረውም። ቀና ስል መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር።

መምቻውን በአሮጌ ሱሪ እግር ጠቅልዬ በፍራሼና በግድግዳው መካከል ሸጎጥኩት። ስምንት ወር አልፈታሁትም። ስተኛ በእግሬ እነካዋለሁ፤ አለ፤ ከዚያ እግሬን እሰበስባለሁ። አንቺ አባባ ላይ ስትጮኺ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። በኋላ በስልክ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ በደብዳቤ እነግራታለሁ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዛሬ ደረስኩ።

የሰልፉ ዕለት ጠዋት አባባ ወደ ሱቅ ከሄደ በኋላ አወጣሁት። ሐሳቤ ቀዳዳውን በማስቲሽ ለጥፌ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት ብዬ ለሻምበሉ መስጠት ነበር። ሱሪውን ፈታሁ። ቀዳዳ የለም። የተቀደደበት ላይ ከጫማ ውስጥ የሚለበጠው ነጭ ሱፍ ተደርቦበታል፤ ዙሪያው በሰም በታሸ ክር፣ በሁለት መርፌ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ያንን ስፌት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቦርሳሽ በእሱ ነው የተሰፋው። ክሩ ደግሞ ነጭ አልነበረም። የፍራሽ ብናኝ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል። ትናንት የተሰፋ ክር እንዲያ አይሆንም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። የቀብሩ ዕለት ማታ ከሩቅ የመጡት ለቀስተኞች እንዲተኙበት ፍራሾቹን ሁሉ ወደ ሳሎን ያወጣው አባባ ነበር። የእኔንም። እኔ ያኔ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር። በኋላ ስመለስ ጥቅሉ ከግድግዳው ሥር እንዳለ ሳገኘው፣ ሳያየው ቀርቷል ብዬ ዕድሌን አመስግኛለሁ። አንቺ ሳሎን ውስጥ የጮኽሽው በማግስቱ ነው። አባባ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ አቀርቅሮ እስክትጨርሺ ሰማሽ። ምን እንዳለሽ ታስታውሻለሽ? ምንም አላለሽም።

መምቻውን ይዤ ሰልፈኞቹ ወደሚሰበሰቡበት ሮጥኩ። አዲሱ ከበሮ መቺ ቀጭን ስለሆነ ስንጥር ይሉታል፤ ከበሮው ከፊት ሲታይ ራሱ የሚራመድ ይመስላል። መምቻውን ተቀብሎ መዘነውና «ይከብዳል» አለ። ሻምበሉ መምቻውን አዩ፣ ስፌቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ከተገኘ ይመጣል ብለውኝ ነበር አባትህ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያዘጋጀሁትን የጉድጓድ ውሸት ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ ሱቁ ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጎረቤት ሁሉ ዘግቶ አስፋልቱ ዳር ወጥቷል። አባባ «ሥራ አለብኝ» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ውስጥ ነው፤ ሶል የሚመታበት የእግር ቅርጽ ብረት ላይ ጫማ ደፍቷል። የእንግዶቹ ባንዶች በየተራ አለፉ። ባለቀሚሶቹ ሲያልፉ ዘበኛችን ከሁሉም በላይ አጨበጨበላቸው። ከዚያ የእኛ ዞሩ። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ መምቻውን በድምፁ አወቅሁት።

በራችን ላይ ሲደርሱ ሙዚቃው ቆመ። ጫማ ብቻ። በልቤ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት። ጥሩምባዎቹ ተነስተው አፍ ላይ ደርሰዋል። ከበሮው አልመታም። ዐሥራ ሰባት። ዐሥራ ስምንት።

በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። ትልቁ ከበሮ የሚመታው በግራ እግር ላይ ብቻ ነው፤ ስንጥር ደግሞ ወር ሙሉ ሲያጠና የቆየው ቀኝ እግርን መርሳት ነው። ስለዚህ ዐሥራ ስድስት ሲባል በግራ እግር ዐሥራ ስድስት ቆጠረ፤ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ማለት ነው። የፊተኞቹ ማን እንደተሳሳተ አያውቁም፤ ዞረው ማየት አይችሉም። ሃያ ላይ የኋላው ረድፍ መዘግየት ጀመረ። ሃያ ሁለት ላይ ድምፁ ተበታትኖ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነ። አንዱ እግሩን ሊቀይር ዘለል አለ። ከአጠገቤ የቆመች ሴትዮ «ውይ፣ የሟቹን ቀን አበላሹት» አለች።

ያኔ ከኋላዬ መዶሻ ብረት ላይ አረፈ። አንድ። ሌላው እግር አለፈ። ሁለት። ቸኩሎ አይደለም፤ ጮክ ብሎም አይደለም፤ ሶል እንደሚመታ ሰው ብቻ፣ ግን በግራው ላይ፣ ሁልጊዜ በግራው ላይ። በአራተኛው መዶሻ ረድፉ ተሰበሰበ። ሻምበሉ ራሳቸውን ሳያዞሩ አገጫቸውን ትንሽ ቀና ሲያደርጉ አየሁ። አምስተኛው ላይ ስንጥር ቆጥሮ ጨረሰና የወንድምጋሼ መምቻ ወረደ። መዶሻው ቆመ።

ሰልፉ ከዞረ በኋላ ገባሁ። አባባ እንደተቀመጠ ነው። ብረቱ ላይ የተደፋው ጫማ ከአርባ አንዱ አልነበረም። ሶሉ አዲስ ነው፤ በግራ ተረከዙ ውጭ በኩል «አንተ ወደ ኋላ እየተጋደምክ ነው ተረከዙን የምትጨርሰው» እያለ ወንድምጋሼን ሁልጊዜ ሲቆጣበት የነበረውን ቦታ ሞልቶታል። ፊቱን አላየሁትም፤ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሁሉንም ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ስፌቱ ያዘ?» አለኝ።

«ያዘ አባባ» አልኩት።

«እንግዲያው ብሩሹን አምጣ» አለ። ያን ጫማ አብረን ቀባነው፤ እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኙን።

እታለም፣ ልትቆጪ የሚገባሽ እኔን ነው። ስትቆጪኝ እችለዋለሁ፤ ዝም ካልሽኝ ግን የምሆነውን አላውቅም። ይህን መጻፌን አባባ አያውቅም፤ የማያውቀው ነገር መኖሩን ግን አሁን እጠራጠራለሁ። የሱቁ ስልክ ቁጥር ያው የድሮው ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ይቀላል፤ ያኔ ደውይ። ድምፅሽን ሲሰማ ዝም ይላል። ዝም ሲል እንዳትዘጊው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የምታስታምሚያቸውን ይማርልሽ፤ መንገድሽን ወደ ቤት ያቅናልሽ። የእናታችንን ቦታ ይዘሽ ያሳደግሽኝን ያህል ዕድሜ ይጨምርልሽ። ትንሹን ድመት ላንቺ አስቀርቼልሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ