የአዲሱ ትምህርት ቤት ቁልፍ

ይድረስ ለልጄ ለገለኔ። የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ፤ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ግን ተናድጃለሁ ልጄ። አንቺና ጓደኞችሽ ያሠራችሁልን ትምህርት ቤት ካለቀ ሁለት ወሩ ነው። በሩ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮ እንደተቆለፈ ነው። ኮሚቴው «የገለኔ እናት ነዎት» ብሎ ቁልፉን እኔ ዘንድ አስቀመጠው፤ ገንዘቡን ያዋጡት እንግዶች ጥር ላይ መጥተው እስኪመርቁት ግን እንዳይከፈት አሉ። ልጆቹ እዚያው በሚያፈሰው የጭቃ ክፍል ውስጥ ናቸው። የአገራችንን የሶርን ዝናብ ታውቂው የለ? ሰብሳቢውን ኦቦ ኪቲላን ብለምናቸው፣ «ወለሉ ቆሽሾ ካዩት ሁለተኛውን ብሎክ አይሠሩልንም፤ ይታገሡ እትዬ» አሉኝ። ለእንግዳ ዓይን ተብሎ ልጅ ይበሰብሳል?

ትናንት የጎረቤታችን የነኢማ ልጅ ደብተሯን እሳቴ ዳር ልታደርቅ መጣች። ጽሑፉ ታጥቦ አንድ ፊደል አልቀረም። እሷ ግን ባዶውን ገጽ ታገላብጣለች። አንጀቴን በላችው።

ዛሬ ጠዋት በሽንኩርት ቢላዬ ሪባኑን ቆርጬ ከፈትኩት። ኦቦ ኪቲላ አኩርፈውኛል፤ ያኩርፉ።

እባክሽ ልጄ፣ ለእንግዶቹ እንደ ምንም ብለሽ አስረጂልኝ። ሲመጡ ወለሉ ጭቃ፣ ግድግዳውም የእጅ አሻራ ነው የሚሆነው። የዘረጋሽውን እጅ እግዜር ይባርክልኝ፤ በሰላም መጥተሽ ለዓይኔ ያብቃሽ። የግድ እንቁረጥ ካሉ ግን ሌላ ሪባን ይዘው ይምጡ፤ በዚያኛው የነኢማ ልጅ ፀጉሯን አስራበታለች።

እናትሽ